የሞትንም እኛ፣ ያለንም እኛ፦ ምንትዋብ አልጋውን እንዴት ያዙት?

ጥያቄው የደረሰኝ እዚሁ ጎንደር ከምትሠራ ወጣት አስጎብኚ ነው። ሳሳጥረው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ፋሲል ግቢ ማስጎብኘት ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ ነው። ባለፈው አንድ እንግዳ ‹ዐፄ በካፋ ሲሞቱ ሚስታቸው እንዴት ሥልጣን ያዙ?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹ልጃቸው ሕፃን ስለነበረ ሞግዚት ሆኑ› አልኩት። እሱ ግን አልለቀቀኝም። ‹ስንት የደረሰ ልዑል ወህኒ አምባ ላይ ተቀምጦ ሕፃን ማንገሥ ለምን አስፈለገ?› አለኝ። መልስ አጣሁ። ምን ልበለው?»

እንኳንም መልስ አጣሽ። ብዙ አስጎብኚ እዚህ ላይ ሲደርስ የፍቅር ታሪክ ይመዛል። በካፋ ራሳቸውን ደብቀው ቋራ ሄዱ፣ መንገድ ላይ ታመሙ፣ አንዲት ልጅ አስታመመቻቸው፣ «ምን ትዋብ!» አሉ፣ ተጋቡ። ታሪኩ ያምራል። እኔም ልጅ ሆኜ ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር። ግን እንግዳሽ የጠየቀው ስለ ሠርጉ አይደለም፣ ስለ ሞቱ ነው።

አንድ ነገር ከራሴ ቤት ልንገርሽ። አያቴ ሲሞቱ እኔ አሥር ዓመቴ ነበር። የሞቱት ሌሊት ነው። መርዶው ለሰፈር የተነገረው ግን ጎህ ከቀደደ በኋላ ነው። በመሃል ምን ሲሠራ አደረ? ታላቁ አጎቴ የሳጥኑን ቁልፍ ፈልጎ አገኘ። ከብቶቹን ወደ ሌላ በረት አዛወረ። ለደብሩ አለቃ መልእክት ላከ። ከዚያ በኋላ ነው «ዋይ!» የተባለው። ለቀስተኛው ሲደርስ ነገሩ ሁሉ አልቋል። ሌሎቹ አጎቶቼ ይህን እስከ ዛሬ አልረሱለትም።

የጎንደር አልጋም እንደዚያው ነው። ሞትና መርዶ በአንድ ሰዓት አይመጡም። ወሳኙ በሁለቱ መሃል ያለችው ጊዜ ናት። በዚያች ጊዜ ቁልፉ በማን እጅ ነው? በመስከረም 1723 ዓ.ም. ዐፄ በካፋ ሲሞቱ ቁልፉ በምንትዋብ እጅ ነበር። አጭሩ መልስ ይኸው ነው። ረጅሙን ከፈለግሽ ደግሞ ቡናሽን አፍልተሽ ተቀመጪ።

መጀመሪያ «የበኩር ልጅ ይወርሳል» የሚለውን ነገር ወዲያ ጣይው። እንግዶችሽ አብዛኞቹ ይህን ይዘው ነው የሚመጡት። እኛ ዘንድ ሕጉ ሰፊ ነበር። ከሰሎሞን ዘር ነኝ የሚል፣ ዘሩን በአባቱ የሚቆጥር፣ አካሉ ያልጎደለ ወንድ ሁሉ ሊነግሥ ይችላል። ታላቅ ታናሽ ብሎ ነገር ብዙም ቦታ የለውም። ሕጉ ሲሰፋ ደግሞ እጩው በዛ። ወንድም ወንድሙን፣ አጎት የወንድሙን ልጅ መፍራት ጀመረ።

ወህኒ አምባ የተፈለገው ለዚህ ነው። ከከተማው ወደ በለሳ በኩል ያለ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ተራራ ነው። ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ ያልነገሡት ወንዶች እዚያ ይወጣሉ። መውጫው አንድ፣ ጠባቂው ብዙ። ስሙ ዛሬም እስር ቤት ለማለት በአፋችን ላይ አለ። ግን እስር ቤት ብቻ ብለሽ እንዳታስረጂ። ወህኒ ጎተራም ነበር። ንጉሥ ሲያልቅ ንጉሥ የሚወጣበት ጎተራ።

ከጎተራው ማን ይመርጣል? የግቢው ትልልቆች ናቸው። ራስ የተባለው ሹም፣ ብላቴን ጌታው፣ ከቤተ ክህነት ዐቃቤ ሰዓቱና እጨጌው፣ የጦር አለቆቹ። ፋሲል በጥቅምት 1660 ዓ.ም. ሲሞቱ እነዚህ ተሰብስበው ዮሐንስን መረጡ። ብላቴን ጌታ መልክአ ክርስቶስ የሚባሉት ሰው ገፋ አድርገው እንደተናገሩላቸው ይነገራል። ሌሎቹ የፋሲል ልጆች ወደ ወህኒ ተላኩ። ይህ እንግዲህ በደኅናው ጊዜ የነበረው አሠራር ነው። ዮሐንስ በ1674 ዓ.ም. ሲያርፉም ኢያሱ፣ እኛ ታላቁ የምንላቸው፣ ያለ ብዙ ሁከት ተተኩ። ኢያሱ ነግሠው ወህኒ ድረስ ሄደው ዘመዶቻቸውን ጠየቁ፣ ተቸግረው ስላገኟቸው ኑሯቸውን አሻሻሉላቸው ይባላል።

ነገሩ የተበላሸው በእሳቸው መጨረሻ ነው። የሚወዷት ሴት ሞታባቸው ኢያሱ አዝነው ወደ ጣና ደሴት ገለል አሉ። ንጉሡ ከከተማ ራቁ ማለት ግቢው ባዶ ነው ማለት ነው። በመጋቢት 1698 ዓ.ም. ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ጎንደር ላይ ዘውድ ጫነ። ጥቅምት 1699 ላይ አባትየው እዚያው ደሴት ላይ ተገደሉ። ገዳዮቹ የልጁ እናት የመለኮታዊት ወንድሞች ናቸው። ሕዝቡ ልጁን «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» አለው። በ1700 ዓ.ም. እሱም አደን ላይ እንዳለ ተገደለ።

አሁን ልብ በይ። ከዚህ ቀጥሎ የመጡት ቴዎፍሎስ ናቸው። የኢያሱ ወንድም፣ የወህኒ ሰው፣ የደረሱ ሰው። ልክ እንግዳሽ «ለምን አልተመረጠም?» ያለው ዓይነት ልዑል። ከተራራው ወርደው ምን አደረጉ? የወንድማቸውን ደም ተበቀሉ። መለኮታዊትን ሰቀሉ። የገዳዮቹን ወገን ለቀሙ። በግቢው ውስጥ የነበረ ሹም ሁሉ ከዚያ ቀን አንድ ነገር ተማረ፦ ከወህኒ የሚወርድ ትልቅ ሰው ባዶ እጁን አይወርድም፤ ቂሙን ይዞ ነው።

ቴዎፍሎስ በ1704 ሞቱ። ዮስጦስ መጡ። እሳቸው ደግሞ ዘራቸው በእናት በኩል ነበርና ሕጉ ራሱ ተጣሰ። በ1708 ታመው አልጋ ላይ እንዳሉ ወታደሮቹ ሞታቸውን እንኳ ሳይጠብቁ ዳዊትን ከወህኒ አምጥተው አነገሡ። አስቢው፤ አንዱ ንጉሥ ገና ሲያጣጥር ለሌላው ነጋሪት ይመታል። ዳዊት ግቢው ውስጥ ያን የዘፈን ቤት የሠሩት ናቸው። እናንተ አስጎብኚዎች ሁልጊዜ ፈጠን ብላችሁ የምታልፉት ቤት። ፎቶ አያምርምና ነው መሰለኝ። እሳቸውም በግንቦት 1713 ተመርዘው ሞቱ።

ቁጠሪ። ከ1699 እስከ 1713 ባሉት 15 ዓመታት አምስት ንጉሥ ተቀበረ። በዚያ ዘመን የጎንደር ሹም ሆኖ መኖር ማለት በየሦስት ዓመቱ «ማን መጣ? የማን ወገን ነበርኩ?» ብሎ መደንገጥ ነው።

በካፋ ከዚህ ሁሉ መሃል የወጡ ሰው ናቸው። ልጅ ሆነው ከወህኒ አምልጠው ነበር፤ ሲያዙ እንዳይነግሡ ከአፍንጫቸው ጫፍ ተቆረጠ ይባላል። «አካሉ ያልጎደለ» የሚለውን ሕግ አስታወስሽ? ለዚያ ነው። ሳይሠራ ቀረ እንጂ። እንዲህ ያለ ሰው ዘውድ ሲጭን ማንን ያምናል? ማንንም አላመኑም። ልብስ ለውጠው ገበያ ለገበያ ይዞሩ ነበር የሚለው ተረት ከዚህ የመጣ ነው። በፊት ዘውድ የጫኑላት ሚስታቸው በዘውዷ ቀን ከግብር ላይ በልታ ሞተች ተብሎም ይተረካል። ቀጥለው ያገቡት ምንትዋብን ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ አገራቸው ቋራ።

አንዲት ሌላ ታሪክ አለች። ከንጉሡ ሞት አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከሰዎች ሰምቷት ነበር። በካፋ አንድ ጊዜ ጠፉ። «ሞተዋል» ተባለ። ከተማው ተረበሸ። ሞተዋል ብሎ ቀድሞ የተንቀሳቀሰ ሰው ጉድ ፈላበት፤ ንጉሡ በሕይወት ብቅ አሉ። እውነት ይሁን የተጋነነ፣ የምትነግረን ነገር አለ። እንዲህ ያለ ንጉሥ በእውነት ሲሞት ለመንቀሳቀስ የሚደፍር አይኖርም። ማን ያውቃል፣ እንደገና ብቅ ቢሉስ? ከውስጥ ካለ ሰው በቀር እርግጠኛ የሚሆን የለም። ከውስጥ ያሉት ደግሞ ሚስትየው ናቸው።

እንግዲህ ያቺን መስከረም እንያት። በካፋ ሞተዋል። ምንትዋብ በእልፍኙ ውስጥ ናቸው። ልጁ ኢያሱ፣ ሰባት ዓመት ገደማ፣ አብሯቸው ነው። የደረሱት ልዑላን ወህኒ ላይ ናቸው፤ ወርዶ ለመምጣት ቀናት ይፈልጋል። ለዚያውም የሚያወርዳቸው ሹም ካለ። ምንትዋብ የቋራ ወገኖቻቸውን ሰበሰቡ። ወንድማቸው ወልደ ልዑል ዋናው ናቸው፤ በኋላ ራስ ቢትወደድ ሆነው ከሠላሳ ዓመት በላይ የመንግሥቱ ምሰሶ ሆኑ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ትያለሽ፤ ልክ ነሽ። ግን በዚያ ሰዓት ከዘመድ በቀር ማን በር ያስጠብቃል?

በር ስልሽ የምር በር ማለቴ ነው። የሰሞኑን ጉብኝትሽን ተይና አንድ ቀን ግንቡን ከውጭ ዙሪው። ግቢው 70,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ዙሪያውን ግንብ፣ በግንቡ ላይ አሥራ ምናምን በር። ፊት በር የንጉሡ። ወንበር በር የዳኞቹ። ባልደራስ በር የፈረሰኛው አለቃ። እምቢልታ በር የሙዚቀኞቹ። ተዝካሮ በር የተዝካሩ። እንዲህ እያልሽ ስትሄጂ ራስ በር ላይ ትደርሻለሽ። ሌላ ስሙ ምንድነው? የቋረኞች በር። ሌላም አለ፤ እንቆዬ በር። እንቆዬ ማናቸው? የምንትዋብ እናት። ከባዕድ ቤት የመጣች ምራት እናቷ በቤተ መንግሥቱ አጥር ላይ በስማቸው በር አላቸው! እኔ ለተማሪዎቼ ያን ዘመን ሳስረዳ ከመጽሐፍ አልጀምርም። ሁለቱን በሮች አሳያቸዋለሁ፤ ከዚያ ራሳቸው ይናገራሉ።

ከዚያ አዋጁ። በእኛ አገር ንጉሥ ሲሞት «ሞቷል» ተብሎ አይታወጅም። ነጋሪት ይጎሰማል፣ አዋጅ ነጋሪው ይወጣል፦ «የሞትንም እኛ፣ ያለንም እኛ!» ለእንግዳሽ ይህን ተርጉሚለት፤ ይወደዋል። አየሽ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መርዶና ሹመት አንድ ላይ ተጠቅልለዋል። ሕዝቡ የድሮውን ሞት የሚሰማው የአዲሱን ስም ሲሰማ ነው። በመሃል «ማን ይሁን?» ብሎ የሚጠይቅበት ትንፋሽ እንኳ አይሰጠውም። ልማዱ ከጎንደር በኋላም አልጠፋም። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ረጅም ጊዜ ተደብቆ ቆይቷል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ፦ ሕፃን ለምን?

የኔ ግምት ይህ ነው። ግምት ብዬ ነው የምነግርሽ፤ ግን ለረጅም ዘመን ሳስብበት ኖሬያለሁ። ሹማምንቱ ቴዎፍሎስን አይተዋል። ከተራራው የሚወርድ ጎልማሳ ማንን እንደሚወድ፣ ማንን እንደሚጠላ፣ ማን እንዳሰረው፣ ማን ምግቡን እንደቀነሰበት ያውቃል። የራሱ ወገን አለው፤ ያ ወገን ሹመት ይፈልጋል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን የማንም ጠላት አይደለም። ቂም የሚይዝበት ጊዜ አልነበረውም። የበካፋ ሹም ሆኖ ቤቱን፣ ጉልቱን፣ አንገቱን ማትረፍ ለሚፈልግ ሰው ከወህኒ ልዑል ይልቅ የእልፍኙ ልጅ ይሻለዋል። ሕፃንነቱ ጉድለት አልነበረም፤ እንዲያውም እሱ ነው ያስመረጠው። ለእንግዳሽ መንገር የነበረብሽ ይህን ነው።

እስከዚህ ድረስ ብልሃቱ የተለመደ ነው። ንግሥት እናት ወይም የንጉሥ ሚስት ለሕፃን ንጉሥ ስትቆም ምንትዋብ የመጀመሪያዋ አይደሉም። እቴጌ እሌኒ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ለልብነ ድንግል ቆመዋል፤ እሱም የነገሠው ልጅ ሆኖ ነው። ምንትዋብ የለዩት ቀጥሎ ባደረጉት ነው። ሞግዚት ተብለው አልተቀመጡም። ራሳቸው ዘውድ ጫኑ። ብርሃን ሞገሳ የሚል የመንግሥት ስም ወሰዱ። ከልጃቸው ጋር እኩል ገዢ ሆኑ።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? ሞግዚት ቤት ጠባቂ ነው። ልጁ ሲያድግ «በቃሽ» ይባላል። ወይም ሌላ ትልቅ ሰው መጥቶ «እኔ ልጠብቀው» ይላል። ዘውድ የጫነን ሰው ግን ማውረድ ራሱን የቻለ አመፅ ይጠይቃል። ተቃራኒውን ማየት ከፈለግሽ ልጅ ኢያሱን አስቢ። የምኒልክ ወራሽ ናቸው፣ አገር ገዝተዋል፣ ዘውድ ግን አልጫኑም። በመስከረም 1909 ሐረር እያሉ አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት መኳንንት ሻሯቸው። እንደገና ግቢው ባዶ፣ እንደገና ባለቤቱ ሩቅ። ምንትዋብ ሁለቱንም ስሕተት አልሠሩም። ዘውዱን ጫኑ፤ ከግቢውም አልራቁም።

ከግቢው አለመራቃቸው ብዙ ሳይቆይ ተፈተነ። ነግሠው ሁለት ዓመት ሲሆን፣ በ1725 ዓ.ም. አመፅ ተነሳ። አመፀኞቹ ያው የድሮውን መንገድ ሄዱ፤ ሕዝቅያስ የሚባል ልዑል ከወህኒ አወረዱና «ይኸው ንጉሥ» አሉ። ከተማውን ገቡበት፣ እሳት ለቀቁበት፣ ግቢውን ከበቡት። እናትና ልጅ ከግንቡ ውስጥ ሆነው ሰነበቱ። ወልደ ልዑልና የቋራ ሰዎች በሮቹን ያዙ። በመጨረሻ ከጎጃም በኩል ረዳት ጦር ደርሶ ከበባው ተሰበረ። ይህን ስትናገሪ እንግዶችሽን ከግንቡ ሥር አቁሚያቸው። ውፍረቱን በእጃቸው ይንኩት። የዚያን ሰሞን መንግሥቱ የነበረው የዚህን ግንብ ያህል ነው፤ ከእሱ ውጭ ያለው ሁሉ የሌላ ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሃያ ምናምን ዓመት የሰላም ዘመን ሊባል ይችላል። ግንቡ ውስጥ የምንትዋብ ቤተ መንግሥት ተሠራ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ቁስቋም የተባለው ደብራቸው ተሠራ። ልጃቸው አደጉ፣ ስማቸውም «ቋረኛ ኢያሱ» ቀረ። በእናታቸው አገር እንጂ በአባታቸው አለመጠራታቸው ራሱ ይናገራል። ወሬውንም አትዝለይው፤ ምንትዋብ ከባላቸው ሞት በኋላ የበካፋን የእህት ልጅ ወደዱ። የከተማው ሰው «ምልምል ኢያሱ» አለው። ጎንደሬ ቅጽል ስም ሲሰጥ አይምርም። ከእሱ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ወይዘሮ አስቴር፣ ወለተ እስራኤልና አልጣሽ። እነዚህ ልጆች በኋላ ለጋብቻ ፖለቲካ ዋና ሀብት ሆኑ።

አሁን ሁለተኛው ሞት። ይህን ካልነገርሽ የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው።

በሰኔ 1747 ዓ.ም. ኢያሱ ሞቱ። ልጃቸው ኢዮአስ ሕፃን ነው። እናቱ ውቢት ይባላሉ፤ የየጁ ኦሮሞ ባላባት ልጅ ናቸው። ውቢት ምን አሉ? «እርስዎ ለልጅዎ እንደቆሙ እኔም ለልጄ ልቁም።» በዚህ ቃል አሉ አልልሽም፤ የክርክራቸው ፍሬ ግን ይኸው ነው። ከባድ ክርክር ነው። ምንትዋብ ራሳቸው የቀደዱት መንገድ ነው። ደንቡን ያመጣ ሰው በደንቡ ሲጠየቅ ምን ይላል? ምንትዋብ እምቢ አሉ። በሩን አልለቀቁም። ለሁለተኛ ጊዜ፣ አሁን ለልጅ ልጃቸው፣ ቆሙ።

ግን ውቢትም ብቻቸውን አልነበሩም። ወንድሞቻቸውና ወገኖቻቸው ከነጦራቸው ገቡ። ግቢው ውስጥ ኦሮምኛ የሚነገርበት ዘመን መጣ፤ ንጉሡ ራሳቸው የእናታቸውን ቋንቋ ተናግረው አደጉ። ሁለት የእናት ወገን በአንድ ግቢ። ቋረኞች በአንድ በር፣ የጁዎች በሌላው። መሃል ላይ ሆነው ሚዛኑን የያዙት ራስ ወልደ ልዑል ናቸው። ሲያስታርቁም፣ ሲያስፈራሩም፣ ሲያባብሉም አሥራ ሁለት ዓመት አቆዩት።

በ1759 ዓ.ም. ወልደ ልዑል ሞቱ። እኔ የጎንደር መንግሥት ያበቃበት ቀን የቱ ነው ብትይኝ ብዙዎች ከሚሉት ቀን ይህን አስቀድማለሁ። የሞቱት ንጉሥ አይደሉም፤ ነጋሪትም ያን ያህል አልተጎሰመላቸው ይሆናል። ግን እሳቸውን የሚተካ በር ጠባቂ አልነበረም። ምንትዋብ ይህን ሁሉ ዘመን የተደገፉት በአንድ ወንድም ትከሻ ላይ ነበር። ቋራና የጁ ወዲያው ተያያዙ። ሲጨንቅ ከትግራይ ራስ ሚካኤል ስሑል ተጠሩ። ብዙ ጠብመንጃ ያላቸው፣ ሽበታም፣ ብልህ ሰው። ስሑል ማለት የተሳለ ማለት ነው፤ ስማቸውን ይመስላሉ። የምንትዋብ ልጅ አስቴር ኋላ ሚስታቸው ሆኑ። ምንትዋብ ከጠራሁት ይታዘዘኛል ብለው ይሆናል።

አልታዘዙም። በግንቦት 1761 ዓ.ም. ኢዮአስን አስገደሏቸው። ከዚያ ወደ ጎተራው ላኩ። ማንን አወረዱ? ዮሐንስ ሁለተኛን፤ የበካፋን ወንድም፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን፣ ለማምለጥ ሲሞክሩ አንድ እጃቸው የተቆረጠውን ሽማግሌ። በበካፋ ጊዜ «አካሉ የጎደለ አይነግሥም» ለማለት አፍንጫ ይቆረጥ ነበር። አሁን እጅ የሌላቸው ሰው አልጋ ላይ ተቀመጡ፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። ዮሐንስ «ጦር ሜዳ አልሄድም» ሲሉ በጥቅምት 1762 ተመረዙ። ቀጥሎ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት፣ የአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ልጅ። ራስ ሚካኤል ራሳቸው ሊነግሡ አልፈለጉም፤ ዘሩም የላቸውም። ነጋሽ ሳይሆኑ አንጋሽ ሆኑ። ምንትዋብ ለልጃቸው የሠሩት ብልሃት፣ ልጅ ፊት አስቀምጦ ከኋላ መግዛት፣ አሁን እናት ባልሆነ ሰው እጅ ገባ። የዘመነ መሳፍንት ወግ እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል።

ምንትዋብስ? ቁስቋም ተቀመጡ። ብሩስ በ1762 ጎንደር ሲመጣ ያገኛቸው እዚያ ነው፤ በቤታቸው ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች ሲያክም። በሰኔ 1765 ዓ.ም. እዚያው አረፉ።

ስለዚህ ጉብኝትሽን ብትለውጪው ደስ ይለኛል። አሁን የምትጀምሩት ከፋሲል ግንብ ነው፤ ፎቶው ያምራልና አልከራከርሽም። ግን የምንትዋብን ታሪክ ለሚጠይቅሽ ሰው ከራስ በር ጀምሪ፣ ወደ እንቆዬ በር ውሰጂው፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ወደ ቤተ መንግሥታቸው። መስኮቶቹ ላይ የተቀረጹትን መስቀሎች አሳዪው። ከዚያ ባጃጅ ያዙና ቁስቋም ውጡ። ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ ፀሐዩ ይበርድና ከተማው ከላይ ደኅና ይታያል። ኅዳር 6 ቀን ከሆነ ግን ተይው፤ በዓሉ ነው፣ ሕዝቡ መርገጫ ያሳጣችኋል። ለንግሥ ሂጂ እንጂ ለሥራ አትሂጂ።

እዚያ ፍርስራሹን ካሳየሽው በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ጠባቂ በትሕትና ጠይቂያቸው። የሦስቱን አጽም የያዘውን ሣጥን ያሳዩዋችኋል። ምንትዋብ፣ ልጃቸው ኢያሱ፣ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ፤ ሦስቱም በአንድ ላይ። ሣጥኑ ትንሽ ነው። እንግዳሽ «ይህ ብቻ?» ይልሻል፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ጫማ ማውለቅ እንዳትረሱ። ዝርዝር ብርም ያዢ፤ አባ መልስ አይኖራቸውም።